የፊቱን ፍሬን ማን አስፈራን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈውም ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ሞተር ሳይክል ፍሬን።

የትራፊክ አደጋ ዜና ስታወጡ ሳላነብ አላልፍም። የሞተው ሰው ቁጥር አለ፣ ከባድና ቀላል ጉዳት የደረሰበት አለ፣ የወደመው ንብረት በብር ተተምኖ አለ። መንስኤው ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ቃል ያልቃል፤ «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር»። ፍጥነት ሰው አይገድልም አልልም፣ ይገድላል። እኔ ግን ሞተረኛ ስለሆንኩ ዜናውን ሳነብ አንድ ጥያቄ ውስጤ ይቀራል። ያ ሞተረኛ ልጅ አደጋውን ፊት ለፊቱ ሲያየው ምን አደረገ? የትኛውን ፍሬን ያዘ? የእጁን፣ ማለትም የፊቱን፣ ወይስ የእግሩን፣ ማለትም የኋላውን? ይህን ሲጠይቅ ያየሁት ትራፊክም ጋዜጠኛም የለም።

ሞተር መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። የቡና ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ዳሌን፣ አለታ ወንዶን፣ ዳራን የማውቃቸው ከሞተር ላይ ሆኜ ነው ማለት ይቻላል። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሞተር ይገባል። የመጀመሪያዋ ሞተሬ ያማሃ ኤጂ 100 ነበረች፤ በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ግቢ የምታዩዋት ዓይነት። ስሟ ላይ ያለው ኤጂ ራሱ ግብርና ለማለት ነው። የፊትም የኋላም ፍሬኗ ታምቡር ነው፣ ዲስክ የላትም። ለጭቃና ለገጠር ሥራ ከሷ የተሻለ አላየሁም።

ቁልፉን ሲሰጡኝ መንጃ ፈቃድ ነበረኝ። እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ። ሜዳ ላይ ምልክት ተተክሎ ስምንት ቁጥር ዞርኩ፤ እግሬን መሬት ሳላስነካ ጨረስኩና አለፍኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አላነሳም፣ የሱ ብቻ ችግር ስላልሆነ። በዚያ ሁሉ ስልጠና ውስጥ ግን አንድም ሰው «አሁን በ40 ና፣ እጄን ሳነሳ ቁም» አላለኝም። በዝግታ መዞር ተማርኩ። በፍጥነት መቆም አልተማርኩም። መንገድ ላይ ሰው የሚሞተው ደግሞ ስምንት ቁጥር መዞር አቅቶት አይደለም።

ስለ ፍሬን የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም የነገረኝ አሠልጣኝ ሳይሆን ሰፈሩ ሁሉ ነው። «የፊቱን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል!» ሞተር የሚነዳ ሁሉ ይህን ሰምቷል። ከታላቅ ወንድሙ፣ ከጓደኛው፣ ሞተሩን ከሸጠለት ሰው። በዚህ ምክር የተነሳ የፊት ፍሬን ገመዱን ጭራሽ ፈትተው የሚነዱ ልጆች በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱን ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ሳላስበው እንዳልይዘው ብዬ ነው» አለኝ። ሞተሩ ካለው የማቆም ጉልበት ትልቁን በገዛ እጁ ፈቶ ጥሎታል። በዚያ ላይ ከኋላው እህቱን ጭኖ ነበር።

እኔም ለዓመታት በእግሬ ብቻ ነው ስቆም የኖርኩት። ቀስ ብለህ ስትነዳ ችግሩ አይታይህም፤ የኋላው ይበቃል። ስለዚህ መቆም የምችል ይመስለኝ ነበር።

ጥር 2009 ዓ.ም. ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ እየተመለስኩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፣ አስፋልቱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፍጥነቴ 50 አካባቢ። ዳር ቆሞ የነበረ አይሱዙ ፍሬቻ ሳያሳይ ድንገት ወጣብኝ። በሙሉ ክብደቴ የእግር ፍሬኑ ላይ ቆምኩበት። የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ታሰረ፣ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ሞተሩ ግን የሚቀንስ አይመስልም። ከዚያ ጭራው ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ። ቀጥሎ የማስታውሰው በግራ ጎኔ አስፋልቱ ላይ ስንሸራተትና የአይሱዙው የኋላ ጎማ ወደ ፊቴ ሲቀርብ ነው። ሞተሩ ቀድሞኝ ጎማውን መታ። እኔ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። የግራ ትከሻዬ አጥንት ተሰበረ፣ የእጄ አንጓ ወለቀ። ሄልሜቴ በግራ በኩል በሞረድ የተፋቀ መስሎ ነበር። ዛሬም ቤቴ አለ፤ አልጣልኩትም።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ አንጋፋ ባልደረባ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሞተሬን ከቦታው ያነሱት እሳቸው ናቸው። ቤት ሊጠይቁኝ መጥተው ሙዝና ብርቱካኑን አስቀምጠው ቁጭ እንዳሉ፣ «እንዴት ነህ»ን እንኳ በደንብ ሳይጨርሱ፣ «ልጄ፣ መስመርህን አየሁት» አሉኝ።

«የምን መስመር ጋሼ?»

«ጎማህ አስፋልቱ ላይ የጻፈውን። ሃያ አምስት እርምጃ ቆጥሬዋለሁ። አንድ መስመር ነው፣ የኋላው ብቻ። የፊቱ ያን ጊዜ ሁሉ ምን ይሠራ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። የፊቱ ምንም አልሠራም። እጄ መሪውን ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ ፍሬኑ ከጣቶቼ ሥር ነበር፤ አልነካሁትም።

ትከሻዬ ሲድን ጋሼ እሁድ ጠዋት ወስደው አስተማሩኝ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትም የሞከርኩትም ሁሉ የተነሳው ከዚያ ነው። አሁን የምጽፈው ሌላ ሞተረኛ ይህን ለማወቅ ትከሻው እስኪሰበር እንዳይጠብቅ ብዬ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ምን ትሆናላችሁ? ሁላችሁም ወደ ፊት ትወረወራላችሁ። ሞተር ላይም ያው ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ባብዛኛው ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። የፊት ሞላው ይጫናል፣ ጎማው አስፋልቱ ላይ ተለጥፎ መሬቱን ይነክሳል። የኋላው በተቃራኒው ይቀላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ መሬት አይዝም፤ ትንሽ ስትጫነው ይታሰርና ይንሸራተታል። ለዚህ ነው በደረቅ አስፋልት ላይ የሞተር የማቆም ጉልበት 70 በመቶው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከፊት ፍሬን የሚመጣው። የኋላውን ብቻ የሚይዝ ሰው ለመቆም ወደ እጥፍ የሚጠጋ መንገድ ይፈጅበታል።

ታዲያ «ይገለብጥሃል» የሚሉት ከየት አመጡት? ውሸት ነው ብዬ ላልፈው አልፈልግም፣ የወደቁ ሰዎች አሉና። የወደቁት ግን የፊት ፍሬን ስለያዙ ብቻ አይደለም። አንድም በድንጋጤ በአንዴ ጨብጠውት ነው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሳይደርስ ጎማው ይታሰራል፣ መሪው ይጠፋል፣ መሬት ነው። አንድም ሞተሩ ተጋድሞ፣ መሪው ዞሮ ሳለ ይዘውት ነው። አንድም ልቅ ጠጠር ወይም ጭቃ ላይ ነው። ሦስቱም የአያያዝ ችግር ነው። አያያዝ ደግሞ ይለመዳል።

ጋሼ ያስተማሩኝ አንድ ቃል ነው። «እንደ ሎሚ ጭመቀው» ይሉኛል። ሎሚ ስትጨምቅ በአንዴ አትጨፈልቀውም፤ መጀመሪያ በጣትህ ትይዘዋለህ፣ ከዚያ እያጠበቅክ ትሄዳለህ። የፊት ፍሬንም መጀመሪያ ነካ ታደርገዋለህ፤ የፊት ሞላው ዝቅ ሲል በእጅህ ይሰማሃል። ክብደቱ መጣ ማለት ነው። ያኔ አጥብቀህ ትጨምቃለህ፣ ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር እየጨመርክ። ይህ ሁሉ ሲለመድ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። የኋላውን በእግርህ አብረህ ትይዛለህ፣ ግን በለስላሳው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ እግርህን ታላላለህ። ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት። ብዙ ሰው ደንግጦ ፍሬኑን ሲጨብጥ በዚያው እጁ ነዳጁንም ይጠመዝዘዋል። ፍሪሲዮኑን መጨረሻ ላይ ትይዛለህ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ፣ ስትቆምም አንደኛ ማርሽ ላይ ሁን። ከኋላህ የሚመጣው መኪና ላይቆም ይችላል፤ ወዲያው መሸሽ ሊያስፈልግህ ይችላል።

ዓይን! ይህን ለብቻው ልበለው። ዓይንህ ሩቅ ይይ። የፊት ጎማህን ወይም የምትፈራውን ነገር አፍጥጠህ ካየህ ሞተሩ ወደዚያው ይሄዳል። እኔ የአይሱዙውን ጎማ ነበር የማየው፤ ወደሱ ነው የሄድኩት። ጉልበትህ ሰልባትዮውን ቆንጠጥ ያድርግ፣ ክርንህ እጥፍ ይበል። ክንድህን ገትረህ ከያዝክ ሙሉ ክብደትህ መሪው ላይ ያርፋል፣ ፍሬኑንም በስሜት መጭመቅ አትችልም።

ጎማ ከታሰረስ? የፊቱ ከታሰረ ወዲያው ልቀቀው፣ መልሰህ በለስላሳው ያዘው። ይህ ቶሎ መሆን አለበት፣ ለማሰብ ጊዜ የለም፣ ለዚህ ነው ልምምድ የሚያስፈልገው። የኋላው ከታሰረ ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ እየሄደ ከሆነና አስፋልቱ ደህና ከሆነ፣ እንደታሰረ ይዘኸው እስክትቆም መሄድ ይሻላል። ጭራው ወደ ጎን ከወጣ በኋላ ድንገት ስትለቀው ጎማው በአንዴ መሬት ይይዝና ሞተሩ ተገልብጦ አንተን ወደ ሰማይ ይወረውርሃል። እንዲህ ያለ አወዳደቅ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

አሁን ቁጥር ልናገር፤ ቁጥር ሲነገር ነገሩ ስለሚገባ። በ40 ስትነዳ በሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳለህ። በ60 ከሆነ 17 ሜትር ገደማ። ሰው አደጋ አይቶ እጁ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በ60 የሚነዳ ሰው ገና ፍሬን ሳይነካ 17 ሜትር ሄዷል። ፍሬኑም ቢሆን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የማቆሚያው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በደረቅ አስፋልት ሁለቱንም ፍሬን በደንብ ይዞ በ30 ላይ በ6 ሜትር የሚቆም ሞተር በ60 ላይ 24 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን 17 ሜትር ደምሩበት። የሐዋሳ ልጆች ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ ስትነዱ ከፊታችሁ ካለው ባጃጅ ጋር ስንት ሜትር ትተዋላችሁ? ባጃጁ ደግሞ ተሳፋሪ ካየ ባለበት ነው የሚቆመው።

ለዚህ ነው ሰው በሚበዛበት መንገድ ሁለት ጣት ሁልጊዜ ፍሬኑ ላይ ማረፍ ያለበት። ሳትይዘው፣ አርፎ ብቻ። በዚያች የሰከንድ ቁራሽ ሁለትና ሦስት ሜትር ታተርፋለህ። የታምቡር ፍሬን ከሆነ ግን አጥብቀህ ስትይዝ አራቱም ጣት ያስፈልጋል፤ በሁለት ጣት ጉልበት አያገኝም።

አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃሪ ኸርት የሚባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መርምረው ነበር። ውጤቱ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1981 ነው። መጀመሪያ ሳነበው ስለ እኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶው መንዳት የተማሩት በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ ነው። አደጋውን ለማምለጥ የነበራቸው ጊዜ ባብዛኛው ከ2 ሰከንድ በታች ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ የኋላውን ከመጠን በላይ ረግጠው አንሸራትተዋል፣ የፊቱን በሚገባው ልክ አልተጠቀሙበትም። ከ40 ዓመት በፊት፣ በሌላ አገር፣ በሌላ መንገድ፤ ስህተቱ ግን ያው ነው። በ2 ሰከንድ ውስጥ ሰው አዲስ ነገር አያስብም። እጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው። እግሩን ብቻ ያስለመደ በእግሩ ይቆማል።

እና እንዴት ይለመዳል? ሜዳ ይበቃል። ሐዋሳ ሜዳ ነች፤ አስፋልት ወጥቶላቸው ገና ቤት ያልተሠራባቸው ሰፈሮች አሉ። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰው የለም። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ጠንካራ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ። አንድ ጓደኛ ይኑር፣ ዳር ቆሞ የሚያይና መኪና ሲመጣ የሚጮህ። መሬት ላይ ድንጋይ ወይም የውሃ ፕላስቲክ አስቀምጡ፤ እሱ ጋ ስትደርሱ ፍሬን። በ20 ጀምሩ። አሥር ጊዜ። መጀመሪያ የፊቱን ብቻ፣ በለስላሳው፣ እንደማይገለብጣችሁ እጃችሁ እስኪያምን። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። ከዚያ 30። ከሳምንታት በኋላ 40። የቆማችሁበትን በእርምጃ ለኩ፣ ደብተር ላይ ጻፉ።

የኔ ደብተር አለ። በመጀመሪያው እሁድ በ40፣ በኋላ ፍሬን ብቻ፣ እንደ ድሮዬ፣ 26 እርምጃ። ከአምስት እሁድ በኋላ በሁለቱም ፍሬን 15 እርምጃ። በመካከላቸው 11 እርምጃ አለ። አንድ አይሱዙ ከነጭነቱ ይቆምበታል።

ሕፃናት ሊያዩ ይሰበሰባሉ። ያኔ አቁሙ፤ ሌላ ቀን ይደርሳል። ሰው ጭናችሁ ደግሞ እንዳትለማመዱ፣ መጀመሪያ ብቻችሁን በደንብ ሳትችሉ። ከኋላ ሰው ሲኖር ክብደቱ ይጨምራል፣ ፍሬን ሲያዝም ሰውየው ጀርባችሁ ላይ ይመጣል፤ መቆሚያውም ይረዝማል። ሰው ጭኖ የሚሠራ ሞተረኛ ይህን ካልለመደው ከኋላው ያለችው እናት ከነልጇ በዕድል ነው የምትሄደው።

ይህ ሁሉ ደረቅ አስፋልት ላይ ነው። ክረምቱ ሌላ ነው። አለታ ወንዶ አካባቢ ቀዩ አፈር ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል፤ እዚያ ላይ የፊት ፍሬንን አጥብቆ መያዝ መውደቅ ነው። ጭቃና ኮረኮንች ላይ የኋላው ድርሻ ይበዛል፣ የፊቱ በአንድ ጣት ነካ ብቻ፣ ከሁሉም በላይ ፍጥነቱን ቀድሞ በማርሽ መቀነስ። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገቡ፣ የሚለቁ አሉ። እባካችሁ ተዉት። በፎሌ ሲለቀቅ የሞተሩ መያዝ ይጠፋና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የታምቡር ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። ታች ስትደርሱ ነው የምታውቁት። ከተማ ውስጥም የሚያንሸራትት አለ። እርጥብ ኮብልስቶን፣ የዜብራው ነጭ ቀለም፣ የማንሆል ክዳን። የመጀመሪያው ዝናብ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የከረመ ዘይትና አቧራ ገና ሳይታጠብ ነው የሚረጥበው።

ኩርባ ላይስ? ከኩርባው በፊት ነው ፍሬን የሚያዘው። ውስጥ ገብተህ ድንገት መቆም ካለብህ መጀመሪያ ሞተሩን ቀጥ አድርግ፣ ከዚያ ጭመቅ።

ፍሬኑ ራሱ ካልሠራ ግን ይህ ሁሉ ወሬ ነው። የፍሬን ሸራ ያልቃል፣ ገመድ ይላላል፣ የፍሬን ዘይት ይጎድላል። ጠዋት ከግቢ ሳትወጡ ሞተሩን ገፋ አድርጋችሁ የፊቱን ያዙት። መጨረሻው ድረስ ተስቦ መሪውን የሚነካ ከሆነ ወደ ጋራዥ እንጂ ወደ ሥራ አትሂዱ። ሸራ መቀየር ከሆስፒታል አልጋ ጋር አይወዳደርም።

በሌላው ዓለም ማሽኑ ራሱ እንዲያግዝ እያደረጉ ነው። ጎማ እንዳይታሰር የሚከላከለውን ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለውን ነገር ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተሮች አውሮፓ አስገድዷል፤ ህንድም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2019 አስገድዳለች። አብዛኞቻችን የምንነዳቸው ቦክሰሮችና ቲቪኤሶች ግን ይህ የላቸውም። በታምቡርና በገመድ ነው የምንቆመው። ማሽኑ ካላገዘን እጃችን መማር አለበት።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሲከለከል የነበረውን ክርክር አስታውሳለሁ። ያኔ በዋናነት የተወራው ስለ ዝርፊያ ነበር፤ ስለ አነዳድ ማንም ብዙ አላወራም። አሁን ፈቃድ አግኝተው ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ ዴሊቨሪ ልጆች ከተማዋን ሞልተዋታል። ሰዓት ይጠበቅባቸዋል፣ ከኋላ ሳጥን ተሸክመዋል፣ ዝናብም ፀሐይም አይመርጡም። አዲስ አበባ ለስብሰባ ስሄድ ቆሜ አያቸዋለሁ። እጃቸውን ነው የማየው። ጣታቸው ፍሬን ላይ ያረፈ ጥቂት ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማሠልጠኛዎች ከስምንት ቁጥሩ ጎን አንድ ነገር ይጨምሩ። በ40 መጥቶ ምልክት ሲሰጠው በሁለቱም ፍሬን፣ ሳይንሸራተት፣ በተወሰነ ርቀት መቆም። ያልቆመ አይለፍ። ለዚህ 50 ሜትር አስፋልትና አንድ ፊሽካ ነው የሚያስፈልገው፤ በጀት አያስፈልገውም። ለሠራተኛ ሞተር የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶችም ቁልፍ ከማስረከባቸው በፊት አንድ ጠዋት ይስጡ። ሞተሩን በሞዴል 22 ፈርመን ነው የምንረከበው፤ ጎማው፣ መስታወቱ፣ መፍቻው ሁሉ ተቆጥሮ። የሚነዳው ሰው መቆም መቻሉን የሚቆጥር ግን የለም። ዴሊቨሪ የሚያሠሩትም እንደዚሁ፤ ለልጆቹ ስልክና ቦርሳ ሲሰጡ አንድ እሁድ ጠዋት ይጨምሩላቸው።

እናንተን ደግሞ የምለምነው፣ የሞተር አደጋ ዜና ስትሠሩ ትራፊኩን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። አስፋልቱ ላይ የጎማ መስመር ነበር ወይ? ስንት መስመር? መልሱን ለጥቂት ወራት ብታወጡት ምን ያህሉ ልጆቻችን የፊቱን ሳይነኩ እንደሚሞቱ አንባቢው በዓይኑ ያየዋል።

መሥሪያ ቤታችን በቅርቡ አዳዲስ ባለሙያዎች ይቀበላል፤ ከመካከላቸው አራቱ ሞተር ይሰጣቸዋል። ኃላፊያችንን ጠይቄ ፈቅደውልኛል፤ ቁልፉን ከመውሰዳቸው በፊት ሁለት እሁድ ከኔ ጋር ይወጣሉ። ጋሼም ወገባቸው ከፈቀደላቸው እመጣለሁ ብለውኛል። የውሃ ፕላስቲኮቹን አዘጋጅቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ